በስሙኒ ዘመን ናዝሬት፦ ኑሮ እውነት ርካሽ ነበር?

አዳማ ውስጥ የኑሮ ውድነት ወሬ ሲነሳ "በእኛ ጊዜ" የሚሉ አባት አይጠፉም። ስሙኒ ይዞ ገበያ ስለ መውጣት፣ በአንድ ብር ጓደኛ ስለ መጋበዝ፣ በጥቂት ብር በግ ጎትቶ ቤት ስለ መግባት ያወራሉ። ወጣቱ ይሰማል፣ ይቀናል። ከዚያ የዛሬው የጤፍ ዋጋ ትዝ ይለውና ዝም ይላል።

እነዚህን ወሬዎች እወዳቸዋለሁ። አዛውንቶቹ ይዋሻሉም አልልም። ግን ዋጋ ብቻውን ስለ ኑሮ የሚነግረን ትንሽ ነው። አንድ ነገር "ርካሽ ነበር" ለማለት፣ ያቺን ስሙኒ ለማግኘት ሰው ስንት ሰዓት ወይም ስንት ቀን ይለፋ እንደነበር ማወቅ ያስፈልጋል። ይህን ካላወቅን ያለፈውን ዘመን ገነት እናደርገዋለን። ያኔ በባዶ ኪስ ገበያ ዞረው የተመለሱትንም እንረሳቸዋለን። ስለዚህ ነገሩን ቀስ ብለን እንፍታው።

መጀመሪያ ዘመኑን እንለይ። ፈረንጆች የ1960ዎቹ መጀመሪያ የሚሉት በእኛ ከ1952 እስከ 1956 ዓ.ም. ያለውን ነው። ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ክርክር የሚያበላሸው ግን ይኸው ነው። "በስልሳዎቹ" ሲባል አንዱ በእኛ ቆጥሮ አብዮቱ ዋዜማ ላይ ይደርሳል። ሌላው በፈረንጅ ቆጥሮ የታኅሣሥ ግርግር (የ1953ቱ የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ) ላይ ይቆማል። በመካከሉ ሰባት ስምንት ዓመት አለ። በዚያ ጊዜ ውስጥ ዋጋውም፣ ደመወዙም፣ የዶላሩ ምንዛሪም ተንቀሳቅሷል። ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ናቸው።

ከተማዋም ያኔ በይፋ ናዝሬት ነበረች። ከአዲስ አበባ 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የምትርቅ፣ የጅቡቲው ባቡር የሚያልፍባት፣ የአርሲ እህልና የሐረርጌ መንገድ የሚገናኙባት፣ በጋሪ የሚኬድባት ከተማ። ከበስተደቡቧ ወንጂ አለ፤ ከበስተምዕራቧ ቆቃ። የዘመኑን ኑሮ ለመረዳት እነዚህን ሁለቱን አስታውሱልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

ኪስ ውስጥ ያለው ገንዘብ

ያኔ ሰው የሚይዘው ብር የተጀመረው ሐምሌ 16 ቀን 1937 ነው። ከጣሊያን በኋላ አገሩ የማርያ ትሬዛው ጠገራ ብር፣ የምሥራቅ አፍሪካው ሽልንግ፣ የጣሊያኑ ሊሬም ተቀላቅሎበት ነበር። አዲሱ ብር ይህን ሁሉ ተካ። የወረቀት ብር መጣ። ከሥሩ 1፣ 5፣ 10፣ 25 እና 50 ሳንቲም ተከተሉ። ሃያ አምስቱ ስሙኒ፣ ሃምሳው ሽልንግ ተባሉ። ይህ አጠራር እስከ እኛ ድረስ ዘልቋል።

ሽልንጓ የብር ማዕድን ነበረባት፤ ስሙኒው መዳብ ነው። መጀመሪያ ስሙኒው እንደ ሌሎቹ ድፍን ክብ ሆኖ ወጣ። ታዲያ ብልጣ ብልጦች ስሙኒውን ብር እየቀቡ በሃምሳ ሳንቲም ሒሳብ ማስተላለፍ ጀመሩ። መንግሥት ዘዴ ዘየደ፤ የስሙኒውን ጠርዝ ሞገድ አደረገው። ጣት ሲነካው በጨለማም ይለያል። ዛሬ በአያቶች ሣጥን ውስጥ የሚገኘው ጠርዘ ሞገዱ ስሙኒ ታሪኩ ይህ ነው። አንድ ነገር ደግሞ ልጨምር። በእነዚያ ሳንቲሞች ላይ "1936" የሚል ዓመት አለ። ከዚያ በኋላ ብዙ ዓመት ቆይተው የተመቱትም ያንኑ ዓመት ይዘው ነው የወጡት። ስለዚህ የ1936 ሳንቲም ያገኘ ሰው በ1936 የተመታ ነው ብሎ አይቸኩል።

አሁን ዋናው ነገር። ያ ብር ለምን ዋጋው ጸና?

አንደኛ፣ ብሩ ከወርቅ ጋር በሕግ ታስሯል። አንድ ብር 5.52 ግሬን ንጹሕ ወርቅ ነው ተባለ። በግራም ሲመነዘር 0.36 ገደማ ይሆናል። የአሜሪካ ዶላርም ያኔ ከወርቅ ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ አውንስ (31 ግራም ገደማ) ወርቅ 35 ዶላር። ሁለቱን ስናገናኝ አንድ ዶላር 2 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ ይወጣል። ይህ ምንዛሪ ለዓመታት ንቅንቅ አላለም። በታኅሣሥ 1956 ግን 2 ብር ከ50 ሆነ። ለውጡ ሁለት ሳንቲም አይሞላም።

ሁለተኛ፣ ገንዘብ ማተም ልጓም ነበረው። በ1937ቱ ሕግ መሠረት ለወጣው ገንዘብ ከመቶ 75 ያህሉ መያዣ በወርቅ፣ በብር ማዕድንና በውጭ ምንዛሪ መቀመጥ ነበረበት። በመንግሥት የዕዳ ሰነድ ሊያዝ የሚችለው ሩቡ ብቻ ነው። በቀላሉ ስንለው፣ መንግሥት ገንዘብ ሲያጥረው ማተሚያ ቤት ሄዶ የፈለገውን ያህል ማሳተም አይችልም። ገበያ ውስጥ የሚዞረው ብር በአንዴ ካልበዛ፣ ዋጋም በአንዴ አይተኮስም።

ሦስተኛውን ሰው ብዙ ጊዜ ይረሳዋል። አብዛኛው ሕዝብ ኑሮው በገንዘብ አልነበረም። ገበሬው የሚበላውን ያርሳል። ለባለርስት ከምርቱ ያካፍላል። ገንዘብ የሚያስፈልገው ለግብር፣ ለጨው፣ ለአቡጀዲ፣ ለላምባ ነው። ብዙ ሰው ገበያው ውስጥ ካልገባ፣ የሚገዛውም ጥቂት ነው፤ ዋጋም ዝቅ ብሎ ይቆያል። ርካሽነቱ ከብልጽግና ብቻ አልመጣም። ከእጥረትም መጥቷል፤ የገንዘብ እጥረት።

ያቺ አንድ ብር ዛሬ ስንት ናት?

ይህን ጥያቄ ሁሉም ይጠይቃል። መልሱ ግን አንድ አይደለም፤ መለኪያው ሲለያይ መልሱም ይለያያል።

በወርቅ እንለካ። በይፋው ሒሳብ አንድ ግራም ወርቅ 2 ብር ከ80 ሳንቲም ገደማ ነበር። ወርቅ ቤት ሄዶ ጌጥ የሚገዛ ሰው በእርግጥ ከዚያ በላይ ይከፍላል፤ ይህ መንግሥት ያስቀመጠው ነው። ዛሬ ግራም ወርቅ ከአስር ሺህ ብር በላይ ነው። በዚህ መለኪያ ያቺ አንድ ብር ዛሬ ከሦስት ሺህ አምስት መቶ ብር በላይ ትሆናለች ማለት ነው። ሰው ይህን ሲሰማ ይደነግጣል። ቆይ ግን! ያኔ የወርቅ ዋጋ በአሜሪካ መንግሥት ትእዛዝ 35 ዶላር ላይ የተቸነከረ ነበር። ነሐሴ 1963 ላይ አሜሪካ ዶላሩን ከወርቅ ፈታችው። ወርቅ ከዚያ ወዲህ ከብዙ ሸቀጥ በልጦ ወጣ። ስለዚህ በወርቅ መለካት የድሮዋን ብር ከልክ በላይ ያገዝፋታል።

በዶላር እንለካ። ያቺ አንድ ብር 40 የአሜሪካ ሳንቲም ነበረች። አሜሪካ ውስጥም ዋጋ ንሯል፤ ያኔ በአንድ ዶላር የሚገዛው ዛሬ ወደ አስር ዶላር ይጠይቃል። ስለዚህ ያቺ ብር በዛሬ አቅም አራት ዶላር ገደማ ናት። ዶላሩ በባንክ ከመቶ ብር በላይ በሆነበት በዚህ ጊዜ፣ አራት ዶላር ከአራት መቶ ብር በላይ ነው።

በጉልበት እንለካ። እኔ ከሁሉም ይህን አምነዋለሁ። በዚያ ዘመን የቀን ሠራተኛ ውሎው አንድ ብር አካባቢ ነበር። ሴትና ልጅ ከሆነ ደግሞ ከዚያ ያንሳል። ዝቅተኛ ደመወዝ የሚወስን ሕግ አልነበረም። ስለዚህ ያቺ አንድ ብር የአንድ ሰው የአንድ ቀን ላብ ናት። ዛሬ አዳማ ላይ በግንባታ ቦታ ድንጋይ የሚሸከም ልጅ በቀን የሚያገኘው በመቶዎች የሚቆጠር ብር ነው። አያችሁ፣ በዶላሩ መንገድ ያገኘነው መልስም በመቶዎች ነው። ሁለቱ መለኪያዎች በጣም አይራራቁም።

ይህ ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ባዶ እጁን፣ ያለ ትምህርትና ያለ መሬት ገበያ የወጣ ሰው፣ ያኔም የአንድ ቀን ላቡ የሚገዛለት ትንሽ ነበር። ዛሬም ትንሽ ነው።

ስሌቱን በምሳሌ ላሳይ። እንበልና አንድ አባት "ኩንታል ጤፍ በ25 ብር ገዝቻለሁ" አሉ። ዋጋው ለምሳሌ ነው፤ እናንተ የራሳችሁን አባት ቁጥር አስገቡ። በቀን አንድ ብር ለሚያገኝ ሰው ያ ኩንታል 25 የሥራ ቀን ነው። እሑድና በዓል ሲቀነስ የአንድ ወር ሙሉ ገቢው ማለት ነው። የቤት ኪራይ፣ ወጥ፣ ልብስ ሳይነካ። አሁን የዛሬውን የኩንታል ዋጋ ለዛሬ የቀን ውሎ አካፍሉት። የሚወጣውን የቀን ብዛት ከ25ቱ ጋር አስተያዩት። ብዙ ሰው ውጤቱን ሲያይ ዝም ይላል።

ሁሉም ነገር ግን እኩል አልተንቀሳቀሰም። ሬዲዮ፣ ልብስ፣ ጫማ፣ የእጅ ሰዓት በላብ ሲለኩ ዛሬ እጅግ ረክሰዋል። ያኔ ሰዓት ያሰረ ሰው በሰፈር የሚታወቅ ሰው ነው። የከተማ ቦታ፣ የቤት ኪራይና ሥጋ ግን እንደማምነው ከብዙ ሰው ደመወዝ ርቀዋል። አዛውንቶቹ "ኑሮ ርካሽ ነበር" ሲሉ አእምሯቸው ላይ የሚመጣው ቤትና በግ ነው። ሬዲዮ መግዣ አጥተው የጎረቤት ግድግዳ ሥር የቆሙበት ምሽት አይደለም። ሁለቱም ግን እውነት ናቸው።

ደመወዝተኛው ደግሞ ሌላ ዓለም ነበር። በመንግሥት ቤት የሚሠራ ጸሐፊ፣ መምህር፣ የባቡር ሠራተኛ በየወሩ የታወቀ ገንዘብ ያገኛል። ለእሱ የረጋ ዋጋ ትልቅ ጸጋ ነው። ዛሬ ስለዚያ ዘመን የሚያወሩልን ብዙዎቹ ከዚህ ቤት የወጡ ናቸው። ጉልት ላይ ቃሪያ የሸጠችው እናት ትዝታዋን የጠየቃት ሰው ጥቂት ነው። ይህ ያሳዝነኛል።

ሁለት ወጥመዶች ደግሞ አሉ። አንዱ መለኪያው ነው። ያኔ ገበያው በኪሎ ብቻ አይሠራም። ቁና አለ፣ ዳውላ አለ፣ ለቡና ደግሞ 17 ኪሎ ገደማ የሚሆነው ፈረሱላ አለ። ቁናውና ዳውላው ከአገር አገር ይለያያል። "በዚህን ያህል ገዛሁ" ሲባል "ምን ያህሉን?" ካልተባለ ቁጥሩ ከንቱ ነው። ሌላው ወሩ ነው። የአርሲ እህል ወደ ናዝሬት ሲጎርፍ፣ በጥር አካባቢ፣ ዋጋው ይወርዳል። መንገዱ ጭቃ ሲሆን፣ በሐምሌና በነሐሴ፣ ይወጣል። ጎተራ ያለው ነጋዴ በጥር ገዝቶ በክረምት ይሸጣል። የዕለት ጉርሱን የሚገዛው ድሃ ግን ሁሌም በክረምቱ ዋጋ ይመታል። ለዚህ ነው በሱቅ ዱቤና በእቁብ የሚኖረው ሰው የበዛው።

ወንጂና ቆቃ፦ ዋጋው ላይ ያልተጻፈ ዋጋ

የወንጂ ስኳር ፋብሪካ ሥራ የጀመረው በ1946 ነው። ባለቤቱ ኤች ቪ ኤ የሚባል የኔዘርላንድ ኩባንያ ነው፤ ከኢንዶኔዥያ ልምዱን ይዞ የመጣ። በምናወራበት ዘመን መካከል ላይ ሁለተኛው፣ የሸዋ ፋብሪካ፣ ከጎኑ ተተከለ። ከዚያ በፊት ስኳር ከባሕር ማዶ የሚመጣ ነገር ነበር። አሁን ከናዝሬት አፍንጫ ሥር ይመረት ጀመር። ሻይ በስኳር የድሃም መጠጥ እየሆነ መጣ። የፋብሪካው ደመወዝ በሚከፈልበት ሰሞን የናዝሬት ሱቅና ጠላ ቤት ይደምቃል። ከሩቅ አገር፣ ከከምባታና ከሐዲያ ጭምር፣ አገዳ ለመቁረጥ የመጣው ሰው ጥሬ ገንዘብ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆጠረው እዚያ ነው።

ግን ወንጂ የተተከለበት መሬት ባዶ አልነበረም። የጂሌ ኦሮሞ አርብቶ አደሮች በአዋሽ ዳር የሚያሰማሩበት ነው። ከብቶቻቸውን ይዘው ተገፉ። ሠራተኛው ደግሞ ለዓመታት የጠጣው የጉድጓድ ውሃ ፍሎራይድ የበዛበት ነበር። ጥርስ አበለዘ። ብዙ ዓመት የኖረበትን ሰው ወገብና አንገት አገተረ። ይህን ጉዳት ሐኪሞች በኋላ በሰፊው ዘግበውታል። አንድ ኪሎ ስኳር በስንት ይሸጥ እንደነበር ስንጠያየቅ ይህ ሒሳብ ውስጥ አይገባም። እኔ ግን ይግባ እላለሁ።

ሠራተኛው ዝም ብሎም አልተቀመጠ። የሠራተኛ ማኅበር በሕግ ከመፈቀዱ በፊት በመረዳጃ ስም ይሰባሰብ ነበር። ሕጉ ከወጣ በኋላ፣ በ1955፣ የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ሲቋቋም የወንጂ ሰዎች ከፊት መስመር ነበሩ። የሥራ ሰዓት፣ የደመወዝ ጭማሪ፣ የሕክምና ጥያቄ በግልጽ መነሳት የጀመረው በዚህ ሰሞን ነው።

በአዋሽ ላይ የተሠራው የቆቃ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ግድብ በ1952 ተመረቀ። ግንባታው ከጣሊያን የጦር ካሣ በተገኘ ገንዘብ ነው። የማመንጨት አቅሙ 43 ሜጋ ዋት ገደማ። ዛሬ ከአባይ ግድብ 5,150 ሜጋ ዋት ጎን ሲቆም ትንሽ ይመስላል፤ ያኔ ግን የአገሪቱ ኩራት ነበር። በኋላ በ50 ብር ኖት ላይ ሥዕሉ ታትሟል። የአዋሽን ጎርፍ ገርቶ ውሃውን በበጋም እንዲወርድ ስላደረገ፣ ከታች ላለው አገዳ ሕይወት ሆነ። ኤሌክትሪኩ ወደ አዲስ አበባና ወደ ፋብሪካ ሄደ። ምሰሶው ሥር የሚኖረው ገበሬ ግን በኩራዝ ቀጠለ። ለእሱ የብርሃን ዋጋ ያው የአንድ ጠርሙስ ላምባ ዋጋ ነበር።

ወሬው እንዴት ይደርሳል?

ዜናም እንደ ዕቃ ዋጋ ነበረው። አዲስ ዘመን ጋዜጣ አለ፤ ከ1933 ጀምሮ። ግን ማንበብ የሚችለው ሰው ከመቶ አስር እንኳ አይሞላም። ስለዚህ አንዱ ያነባል፣ አስሩ ይሰማል። ጋዜጦቹ የመንግሥት ናቸው። የንጉሠ ነገሥቱ ጉብኝት፣ የተመረቀ ትምህርት ቤት፣ የተሾመ ሹም ከፊት ገጽ አይጠፋም። የእህል ዋጋ ንሯል የሚል ዜና ግን ብዙም አይገኝም። የዋጋ ወሬ የሚመጣው በባቡር ጣቢያው፣ በእህል በረንዳና በጭነት መኪና ሹፌሮች አፍ ነው።

ሬዲዮ ነገሩን ለወጠው። ትራንዚስተር የሚባለው፣ በባትሪ ድንጋይ የሚሠራው ሬዲዮ መግባት ሲጀምር መብራት የሌለው ቤትም ዜና መስማት ቻለ። ሬዲዮ ያለው ሻይ ቤት ይሞላል። የአንድ ሻይ ሒሳብ ከፍሎ ዜናውንም ዘፈኑንም ሰምቶ መውጣት ይቻላል። በየካቲት 1955 ደግሞ ከአዲስ አበባ ብሥራተ ወንጌል የተባለው የሉተራውያን ጣቢያ ሥርጭት ጀመረ። ለሰሚው ሁለተኛ ምርጫ መጣ።

የዚያ ዘመን ዜና ደግሞ ቀላል ዜና አልነበረም። ጳጉሜ 5 ቀን 1952 አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ ሮጦ አሸነፈ። ሩጫው የተጀመረው ወደ ማታ ስለነበር፣ ሲጨርስ በእኛ ሰዓት ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ45 ገደማ ነው። ነገ እንቁጣጣሽ! አገሩ አዲሱን ዓመት የተቀበለው በዚህ ድል ነው።

ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ታኅሣሥ 4 ቀን 1953 የክብር ዘበኛው ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይና ወንድሙ ገርማሜ መፈንቅለ መንግሥት አነሱ። ንጉሠ ነገሥቱ ብራዚል ነበሩ። በማግሥቱ በሬዲዮ የአልጋ ወራሹ ድምፅ ተሰማ። ከተናገሩት ውስጥ እንደ ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በደመወዝ ሊያገለግሉ ቃል መግባታቸው ነበረበት። ይህን ቃል ልብ በሉት። ዙፋን ወራሽ ስለ ደመወዝ በሬዲዮ ሲናገር፣ የኑሮና የገቢ ጥያቄ ምን ያህል ወደ ላይ ወጥቶ እንደነበር ያሳያል። በሌላው ወገን ደግሞ የፓትርያርኩ ቃል በወረቀት ታትሞ በአውሮፕላን ተበተነ። በአራት አምስት ቀን ነገሩ በደም አለቀ። ንጉሡም ታኅሣሥ 8 አዲስ አበባ ገቡ። ናዝሬት ላይ ያለ ሰው በእነዚያ ቀናት የሰማው ሬዲዮውን የያዘው ወገን ያለውን ነው። ሬዲዮ ጣቢያ መያዝ ቤተ መንግሥት ከመያዝ እኩል መሆኑን አገሩ ያኔ ተማረ።

ጥር 13 ቀን 1954 ኢትዮጵያ በሜዳዋ የአፍሪካ ዋንጫን በላች። በጭማሪ ሰዓት ግብፅን 4 ለ 2። አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ፣ አጥቂው መንግሥቱ ወርቁ፣ አሠልጣኙ ይድነቃቸው ተሰማ። ኅዳር 5 ቀን 1955 የኤርትራ ፌዴሬሽን ፈረሰ። ጋዜጦቹ በደስታ ዘገቡት፤ ዋጋው ግን ሠላሳ ዓመት የፈጀ ጦርነት ነበር። ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አዲስ አበባ ላይ ተመሠረተ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የአሜሪካ የሰላም ጓድ መምህራን በመቶዎች ሆነው መጡ። ኅዳር 12 ቀን 1956 ኬኔዲ ተገደለ። አንድ የናዝሬት ተማሪ በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ሁሉ ሰማ።

መዝናኛው

ቴሌቪዥን የለም። የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን የተጀመረው ጥቅምት 23 ቀን 1957 ነው፤ እሱም ለአዲስ አበባ። በዚህ ዘመን ናዝሬት ላይ ቴሌቪዥን አየሁ የሚል ሰው ካለ ዓመቱን አሳስቷል።

ዘፈን ዋናው ነገር ነበር። ጥላሁን ገሠሠ ከክብር ዘበኛ ጋር ይዘፍናል። ፖሊስና ጦር ሠራዊትም የራሳቸው ኦርኬስትራ አላቸው። እዚህ ላይ ወጣቶች የማያውቁት ነገር አለ። ያኔ ዘፋኞቹ የመንግሥት ተቀጣሪ ናቸው፤ ወታደር ወይም ፖሊስ። በግል ሸክላ አሳትሞ መሸጥ ገና አልተጀመረም። አምሃ እሸቴ ያን በር የከፈተው በ1961 ነው። ስለዚህ የምትወደውን ዘፈን በፈለግህ ሰዓት መስማት አትችልም። ሬዲዮው እስኪያጫውተው ትጠብቃለህ። ወይም ባንዱ ወደ ከተማህ እስኪመጣ። ዛሬ ስልክ ውስጥ በነጻ የሚገኘው ያኔ የሳምንት ትዕግሥት ይጠይቅ ነበር።

ከዚያ ውጪ ሲኒማ አለ። ጠጅ ቤት አለ፣ አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ስም እየጠራ የሚያወድስበት። የሠርግ ሰሞን አለ። ጥምቀትና መስቀል አሉ። የገና ጨዋታና የእግር ኳስ ሜዳ አሉ። ገንዘብ ያለው ሶደሬ ሄዶ ፍል ውሃ ይነከራል። በ1954 ደግሞ ብሔራዊ ሎተሪ ተቋቋመ። ከዚያ ወዲህ በቀን አንድ ብር የሚያገኘውም ሰው ሀብታም ስለመሆን የሚያልምበት ቁራጭ ወረቀት አገኘ።

አብዛኛው መዝናኛ ገንዘብ አይጠይቅም። ይህ የድሮ ሰዎች "ደስ ይል ነበር" የሚሉት ትልቁ ምክንያት ይመስለኛል። ደስታው በቡና ላይ፣ በእድር፣ በጎረቤት ነው። ያንን በብር ቆጥሮ ማነጻጸር አይቻልም።

ዋጋው መቼ ለቀቀ?

ስሙኒው በአንድ ሌሊት አልሞተም። የሚገርመው፣ ብሩ መጀመሪያ በዶላር ሲለካ ጠነከረ። በታኅሣሥ 1964 ዶላሩ 2 ብር ከ30፣ በየካቲት 1965 ደግሞ 2 ብር ከ7 ሳንቲም ሆነ። ምክንያቱ ብሩ ባለበት ሲቆም ዶላሩ ራሱ መውደቁ ነው። ግን በዚያው ጊዜ የነዳጅ ዋጋ በዓለም ተተኮሰ። ወሎና ትግራይ ተራቡ። የአገር ውስጥ ዋጋም ወጣ። ይህ የሚያስተምረው አንድ ነገር አለ፤ ብር በዶላር ጠንካራ ሆኖ ሳለ የዳቦ ዋጋ ሊወጣ ይችላል። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

የ2 ብር ከ7 ሳንቲሙ ምንዛሪ በደርግ ዘመን ሁሉ ቆየ። በ1985 መጀመሪያ ወደ 5 ብር ተዛወረ። ከዚያ ቀስ እያለ ወጣ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ከ57 ብር ተነስቶ በሳምንታት ውስጥ መቶን አለፈ። እንግዲህ የአያታችሁን ስሙኒ ከዛሬው ብር ጋር ስታነጻጽሩ፣ በመካከሉ ይህ ሁሉ አለ።

ይህን ጽሑፍ የጻፍኩት ወጣቶች አዛውንቶቹን ዝም እንዲያሰኙ አይደለም። በተሻለ ጥያቄ እንዲጠይቋቸው ነው። ጋሼ፣ ያኔ ደመወዝዎ ስንት ነበር? በቀን ነው በወር? ጤፉን የገዙት በኩንታል ነው በቁና? ጥር ላይ ነው ነሐሴ? ቤቱ ኪራይ ነበር የራስዎ? ሻይ ቤት ስንት ሰው ይዘው ይገቡ ነበር? እማማን ደግሞ ለብቻ ጠይቋቸው፤ ጉልቱንና ጓዳውን የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። የሚሉትን ከነዓመቱና ከነመለኪያው ጻፉት፤ ዓመቱ በማን አቆጣጠር እንደሆነ ሳትረሱ።